ጋሽ ነጅመዲን እና ሸራ የለበሰችው መኪና

እንግዲህ በጋሽ ነጅመዲን የጡረታ ሽኝት ላይ ጋሽ ጉተማ «አሳየች ትናገር» ስላሉ ቆሜያለሁ። እኔ የመለዋወጫ መጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ንግግር ደግሞ ከመደርደሪያ የሚወርድ ዕቃ አይደለም፤ ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ።

ጋሽ ነጅመዲን ወደዚህ ጋራዥ የመጡበትን ቀን የምናስታውስ ዛሬ ሦስት ብቻ ቀርተናል፤ ጋሽ ጉተማ፣ መካኒኩ ፈዬራና እኔ። ኅዳር 1965 ነው። ጠዋት ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ጉተማ ያኔም የወርክሾፑ ኃላፊ ናቸው፤ ከኢንሹራንስ የተላከ መርማሪ መሰላቸው። ያን ሰሞን የአንድ ደንበኛ መኪና ከክሪክ ላይ ወድቃብን ነበርና ልባቸው ተንጠልጥሏል። በሩጫ ወንበር አቀረቡ። ሻይ መጣ፣ ፓስቲ መጣ። ጋሽ ጉተማ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ክሪኩ ማሉ፣ ተገዘቱ፣ ማን ክሪኩን እንዳቆመውም ሳይቀር ተናገሩ። እንግዳው ሻዩን ጨርሶ፣ አፉን በመሐረብ ጠርጎ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እኔ አዲሱ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ቱታ የት ነው የምቀይረው?» አለ።

ሳቁ፣ ሳቁ! ጋሽ ጉተማ ያን ፓስቲ እስከ ዛሬ አልረሱትም።

በኋላ «ለምን ቀድመው አልተናገሩም?» ብንላቸው፣ «ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲናዘዝ ማቋረጥ ነውር ነው» አሉን።

ጠባያቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባትሪ ከመንካታቸው በፊት ሰዓታቸውን ፈትተው ለእኔ ይሰጣሉ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የእሳቸውን ሰዓት ያሠርኩት እኔ ነኝ። የተቃጠለ ሽቦ አሽትተው «ይኼ የትናንት ነው፤ ይኼኛው ግን ሳምንት ሆኖታል» ይላሉ። እሳቸው ባሉበት ማፏጨት ክልክል ነው። «ሞተር ሲናገር አፍ ይዘጋል!» ከእኔ ፊውዝ ሲፈልጉ የተቃጠለውን ይዘው ይመጡና «አሳየች፣ የሞተውን አይተሽ ያለውን ስጪኝ» ይላሉ። ያቺ ጥቁር ደብተራቸው ደግሞ አለች። እዚህ ግቢ የገባ መኪና ሁሉ፣ የተቀየረለት ዕቃ፣ የዕቃው ቁጥር፣ እንዴት እንደ ተስተካከለ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። የፈዬራ የጫማ ቁጥር ሳይቀር ተጽፏል ይባላል። አይደለም እንዴ ፈዬራ?

አሁን ግን ፈዬራ፣ በሩን ዝጋልኝ። አዎ፣ መስኮቱንም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተቀጠራችሁት፣ እዚያ አጥሩ ጥግ ሸራ ለብሳ ስለቆመችው መኪና የምትንሾካሾኩትን እሰማለሁ። «እርጉም ናት» ትላላችሁ። «ጋሽ ነጅመዲን ጂን ያነጋግራሉ፤ እሳቸው ሲሄዱ ማን ይይዛታል?» ያለም አለ። ስሙን አልጠራም፤ ፊቱ ግን ቀልቷል። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ እንዲከተለው አድርጌ አልሸኝም። ትናንት አስፈቅጃቸዋለሁ። «ከሄድኩ በኋላ ከምታወሪ ፊቴ አውሪው፤ ስትሳሳቺ አርምሻለሁ» ብለውኛል።

ያቺ መኪና የሸሪፍ ነበረች። ሸሪፍ ቀበና የሚኖሩት የእማማ ፋዲላ አንድ ልጅ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ መኪናዋ ደግሞ ከወገብ አትበልጥም፤ ሁለት መቀመጫ፣ የጀርመን ሥሪት፣ ብርቱካናማ። ሲገባባት እንደ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ነበር። የእሽቅድምድም መኪና ናት። ካርቡራተር የላትም። ከመቀመጫዋ ሥር መጽሐፍ የምታህል፣ የብር ቀለም ያላት ሳጥን አለች፤ ሞተሩ ስንት ቤንዚን እንደሚፈልግ እየለካች የምታዘው እሷ ናት። «የሞተሩ ኮምፒዩተር ናት» ብለው ጋሽ ነጅመዲን ሲነግሩን፣ ጋሽ ጉተማ «ታዲያ ቴሌቪዥኑ የታለ?» ብለው መቀመጫውን ገለበጡት።

ያቺ ሳጥን ሦስት ዓይነት አላት። ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው የተለጠፈባቸው ቁጥር ነው። የሸሪፍ መኪና ስትመጣ የመጀመሪያው ዓይነት ነበረባት። እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ነውና፣ ዳገቱ ጋ ስትደርስ ቤንዚን ይበዛባትና በጥቁር ጭስ ታፍና ትቆማለች። ጋሽ ነጅመዲን ጀርመን ድረስ ጻፉ። በአራት ወሩ ሦስተኛው ሳጥን መጣ። እንዲህ ያለች መኪና በአገሩ ሦስት ብቻ ነበረች፤ ሦስተኛው ሳጥን የገባላት ግን የሸሪፍ ብቻ ናት።

ልብ በሉ። የመጀመሪያው ሳጥን ጎኑ ደፍን ነው። ሁለተኛው በጣት የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ አለችው፤ ድምፅ የላትም። የሦስተኛው ማስተካከያ ግን ስትዞር ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ጋሽ ነጅመዲንና ሸሪፍ አንድ እሑድ ሙሉ እንጦጦ ሲወጡና ሲወርዱ ዋሉ። አሥራ አንደኛው ጠቅታ ላይ መኪናዋ ዳገቱን እንደ ሜዳ በላችው። ጋሽ ነጅመዲን ደብተራቸው ላይ «አሥራ አንድ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ 1970 መጣ። ያን ዓመት አልተርክላችሁም፤ የኖረው ያውቀዋል። የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት ሸሪፍ ለእናቱ «መኪናዋን ነጅመዲን ጋ አድርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። እዚህ አልደረሰም። ቤቱም አልተመለሰም።

እማማ ፋዲላ ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ መምጣት ጀመሩ። የመጋዘኑ መስኮት ከበሩ ትይዩ ነውና የሚጠይቁት እኔን ነው።

«አሳየች ልጄ፣ መኪናዋ መጥታለች?»

«አልመጣችም እማማ።»

«እሺ። እሷ ስትመጣ እሱም ይመጣል።»

ሁለት ዓመት ከአምስት ወር። ዝናብም ቢሆን፣ ሰልፍም ቢኖር፣ አንድ ሐሙስ አላለፋቸውም።

ሐምሌ 1972 አንድ ሻምበል በወታደር መኪና አስጎትቶ አንዲት መኪና አመጣ። ጥቁር ናት። በብሩሽ ነው የተቀባችው፤ የመስታወቷ ጎማ ሳይቀር ተለቅልቋል። ታርጋ የላትም፤ የሻንሲዋ ቁጥር በሞረድ ተፍቋል። ሻምበሉ «በአሥር ቀን ውስጥ ትነሳ። የማን ነበረች የሚል ሰው ካለ ስሙን ጽፋችሁ አቆዩልኝ» አለ። አንድ ወታደር በራችን ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ፈዬራ ሊያስገባት ተቀመጠባት፤ እግሩ ፔዳሉ ጋ አልደርስ አለ። መቀመጫው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ምንጣፉ ሥር የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቷል። «ማነው እንዲህ ረጅም?» አለ ፈዬራ። ሁላችንም አንድ ሰው አሰብን። ጋሽ ጉተማ «እንዲህ ያለች ሦስት ነበረች፤ ዝም በሉ» አሉ።

ፈዬራ መቀመጫውን ወደ ፊት ገፍቶት ሄደ። ጠዋት ስንመጣ ወደ ኋላ ተመልሷል። ጋሽ ነጅመዲን «መያዣ ጥርሱ ተበልቶ ይሆናል» ብለው በሽቦ አሠሩት። በማግሥቱ መቀመጫው ወደ ኋላ ነው። ሽቦው አልተበጠሰም፤ ተፈቷል። በሥርዓት ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ሁሉም ሊበሉ ወጥተው እኔ መጋዘን ነበርኩ። ዝናብ ይጥላል። ከመኪናዋ በኩል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቤንዚኗ ፓምፕ ነው፤ ሰው ሞተር ሊያስነሳ ቁልፍ ሲያዞር እንዲህ ለአፍታ ታጉረመርማለች። ቁልፉ ግን ከጀርባዬ፣ ምስማሩ ላይ ነው። ዘወር ብዬ ነካሁት። በዚያ በሐምሌ ብርድ፣ ሰው እጅ ውስጥ እንደ ዋለ ሳንቲም ሞቅ ብሏል።

ለጋሽ ነጅመዲን ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። «ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚለቀው ሪሌ ተጣብቆ ይሆናል፤ አየዋለሁ» አሉ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት አብረውኝ መጋዘን ተቀመጡ። ልክ በሰዓቱ፣ ዝዝዝ። ፊታቸውን አየሁት። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና አንዲት ትንሽ ጥቁር ዕቃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

«አሳየች፣ ሪሌው ይኸውና። ጠዋት ፈትቼዋለሁ» አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ሥራ ልለቅ ነበር፤ እውነቴን ነው። እሳቸው ግን ተነሥተው ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጡኝና «ነይ። የማይገባኝን ነገር ትተን የሚገባኝን እንይ» አሉኝ። መቀመጫውን አንሥተው ሳጥኗን አወጡ። ቁጥሯ በቢላ ተፍቋል። ከቁጥሩ አጠገብ የነበረው ፊደልም የለም። ጎኗን ዳሰሱ፤ ማስተካከያ አላት። «የመጀመሪያው አይደለችም» አሉ። ደብተራቸውን ሰጡኝ። «የሸሪፍን ገጽ አውጪ። ቁጥሩን ግን እንዳትነግሪኝ፤ ጆሮዬ የሚፈልገውን ብቻ እንዳይሰማ።»

ከዚያ ጣታቸውን አኖሩና ወደ ኋላ ማዞር ጀመሩ። ጠቅ።

«ሦስተኛው ናት» አሉ። ጠቅ። ጠቅ። እኔ ገጹን እያየሁ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ። ከዚያ ወዲያ አልዞር አለች፤ ጫፏ ነው።

ጋሽ ነጅመዲን ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፤ ሞት ሲሰማ የሚባል ቃል ነው። ደብተሩን ሳያዩ ዘጉት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እማማ ፋዲላ ጥላቸውን ዘርግተው መስኮቴ ላይ ቆሙ። ወታደሩ በሩ ላይ ነው። መኪናዋ ከጀርባዬ አሥር እርምጃ አትርቅም።

«አሳየች ልጄ፣ መኪናዋ መጥታለች?»

«አልመጣችም እማማ» አልኩ።

«አሁን እመንገድ ላይ ሳለሁ ድምፅዋን የሰማሁ መሰለኝ» አሉና ሄዱ።

እኔ መደርደሪያው ሥር ገብቼ አለቀስኩ። ጋሽ ነጅመዲን መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ልክ ነው ያደረግሽው፤ ወታደሩ ነበር። ከእንግዲህ ግን አንቺ አትመልሺላቸው። እኔ እመልሳለሁ። አንቺ ልጆች አሉሽ።»

«እርስዎስ የሉዎትም?» አልኳቸው። አራት ነበሯቸው። «መኪናዋን አውቄያታለሁ። ግን ለእናት መኪና አገኘሁ ብቻ አይባልም፤ እሱ የት እንዳለ ማወቅ አለብኝ» አሉ።

በማግሥቱ ሪሌውንና ሳጥኗን ወደ ቦታቸው፣ ጠቅታዋንም ወደ አሥራ አንድ መለሱ፤ ሞተሯ ተነሣ። «ዳገት ላይ ካልተሞከረች ተስተካክላለች አልልም» ብለው ለወታደሩ ነገሩት። መኪናዋ ሁለት መቀመጫ ብቻ ነው ያላት፤ ወታደሩ ቀረ። ደስ ብሎት ነው የቀረው፤ እሱም ምሳ ሰዓት ላይ የፓምፑን ድምፅ ሰምቷል። ፈዬራ፣ ከዚህ በኋላ ያለው የአንተ ነው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጋሽ ነጅመዲንና ፈዬራ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ሽቅብ ወጡ። ጉሙ ባሕር ዛፉን ውጦታል። መኪናዋ ሆዷን እያስፋቀች ዳገቱን ያለ ጭስ በላችው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ድምፅዋን ሲሰሙ ገና ሳያዩዋት ከመንገድ ይወጡና ፊታቸውን ይሸፍናሉ። አንድ ኩርባ ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። አልተንገታገተም፣ አላሳለም፤ ሰው እጁን ዘርግቶ እንዳጠፋው ዝም አለ። ፈዬራ ቁልፉን አየው፤ እንደ በራ ነው።

ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ወጣች። ሸክሟን አወረደች። ዳገት ላይ ሸክም አይወርድም፤ መልሶ የሚያነሳ የለማ። እሷ ግን አወረደችው።

«ይቺ መኪና ወጥታ በራሷ አልወረደችም ነበር» አለች።

ጋሽ ነጅመዲን «ይቺ ጥቁር ናት፤ እንዴት አወቅሻት?» አሏት።

«ቀለሟን ቀቡት እንጂ ድምፅዋን አልቀቡት።»

«ሰውየውስ?»

ሁለቱንም አየቻቸው። «የእሱ ምን ናችሁ?»

«እኔ የመኪናው ሐኪም ነኝ» አሉ ጋሽ ነጅመዲን። «እናቱ ግን በየሐሙሱ ይጠይቁናል።»

ያቺ ሴት ጫልቱ ትባላለች። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ጽድ ሥር ወሰደቻቸው። ድንጋይ ተከምሯል። «ሦስት ሴቶች ነን የቀበርነው» አለች። «የገደሉት ሰዎች መኪናዋን በሦስተኛው ቀን ጎትተው ወሰዷት፤ እሱን ግን ትተውት ሄዱ። አውሬ ሊበላው ነው ብለን መጣን። ረጅም ነበር። ጉድጓዱ አልበቃ ብሎን እንደገና ቆፈርን።»

ጋሽ ነጅመዲን «ፊቱን ወዴት አዞራችሁት?» አሏት።

«በቀኝ ጎኑ ነው ያስተኛነው፤ መሬቱ ያዘነበለው ወዲያ ነበር፤ ፊቱም ወደዚያው ነው» ብላ በእጇ አሳየች። ሰሜን ነው። ማንም ሳይነግራቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዙረውታል። ፈዬራ «ጋሽ ነጅመዲን ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው» ይላል።

ተመልሰው ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናዋ በአንዴ ተነሣች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወታደሩን ጋሽ ጉተማ ሻይ ልጋብዝህ ብለው ወሰዱት። ጋሽ ጉተማ፣ ይኼኛው ሻይ ግን ለትክክለኛው ሰው ደረሰ! እማማ ፋዲላ መጡ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ነጅመዲን ከኋላዬ ወጡ።

«እማማ፣ መኪናዋ መጥታለች» አሉ።

አላለቀሱም። የመስኮቴን ብረት ያዙ። «ልጄስ?»

«እሱ ቀድሟት አርፏል።»

«አፈር ለብሷል?»

«ለብሷል እማማ። እናቶች ናቸው ያለበሱት።»

እማማ ፋዲላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልሐምዱሊላህ። እኔ ውጭ የቀረ መስሎኝ ነበር» አሉ።

በእሑዱ አንድ አንድ እያልን፣ እንጨት ለቃሚ መስለን ወደ እንጦጦ ወጣን። እማማን እጃቸውን ይዘው የወሰዷቸው እዚህ የተቀመጡት የጋሽ ነጅመዲን ባለቤት እትዬ ረሂማ ናቸው። ጋሽ ነጅመዲን የጀናዛ ሶላት ሰገዱ። እኔ በራሴ መንገድ፣ ከጫልቱ ጎን ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፓምፑ አልጮኸም።

ሻምበሉ መኪናዋን ወሰዳት። በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ይዟት መጣ። ከስቷል። ቁልፉን መስኮቴ ላይ ወርውሮ «መቀመጫዋን ወደ ፊት እገፋለሁ፤ ጠዋት ወደ ኋላ ሄዳ አገኛታለሁ። ማነው የሚነዳት?» አለኝ። ዳግመኛ አልመጣም፤ ወደ ሰሜን ግንባር ተዛውሮ ሄደ አሉ። እኛም ሸራ አለበስናት። ይኸው ነው ታሪኳ።

ጋሽ ነጅመዲን፣ ስለ መቀመጫው ጠይቄዎት ነበር። «አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም» አሉኝ። እኔም አልጨምርበትም። እናንተ አዲሶቹ ግን ይህን ስሙ፦ እኚህ ሰው ጂን አላነጋገሩም። ቁጥሩ የተፋቀ ሳጥን ከእህቶቹ ለይተው አወቁ፤ ያወቁትን ደግሞ ዝም ማለት በሚያድንበት ዓመት ለሸሪፍ እናት ነገሩ። አንድ ቃል ቢወጣ ኖሮ ዛሬ የምንሸኘው ሰው አይኖርም ነበር። በእኔ አፍ የነበረውን ውሸት አንሥተው በራሳቸው ላይ ተሸከሙት። ለዚህ አሥር ዓመት ሙሉ አላመሰገንኳቸውም፤ ጮክ ብሎ ማመስገን ራሱ ክስ ነበራ።

እማማ ፋዲላ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ከማረፋቸው በፊት አስጠሩኝና እጄን ይዘው «ለነጅመዲን ሰው ፊት ምስጋና አቅርቤለት አላውቅም፤ በር ዘግቼ ዱዓ ነው የማደርግለት። ጊዜው ሲፈቅድ አንቺ ሰው ሰብስበሽ፣ የእኔን ቃል ብለሽ ንገሪልኝ» አሉኝ። ቃላቸው ይኸው ነው፦ «ልጄን አፈር እንደ ለበሰ ስላሳወቅኸኝ አላህ ያንተን ልጆች በሕይወት ያሳይህ።» ጋሽ ነጅመዲን፣ አደራዬን አደረስኩ።

በሉ ተነሡ። ጠጅ የያዘ በጠጁ፣ ለስላሳ የያዘ በለስላሳው፣ ጋሽ ነጅመዲንና እትዬ ረሂማ በብርዙ። ጤናውን ይስጥዎ፤ ጡረታዎ የዕረፍት ይሁን፤ የልጅ ልጅ ጉልበትዎ ላይ ይውጣ፤ አገሩም ሰላም ሆኖ በር ሳንዘጋ የምንጫወትበት ቀን ይምጣ። ለጋሽ ነጅመዲን!